አራት ቀን በዝዋይ ሐይቅ ዳር

ዛሬ የምናጫውታችሁ ስለ አንድ ጉዞ ነው።

እኛ ሁለት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ከአሰላ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ ማታ ማታ ጎልማሶችን ንባብና ጽሕፈት እናስተምራለን። በጥር ወር፣ ስንዴውና ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ የጥቂት ቀን ዕረፍት አገኘን። ሁለታችንም ፎቶግራፍ ማንሳት እንወዳለን። ካሜራ ግን የለንም። ስለዚህ ከዘመድ ተዋስን።

መጀመሪያ ያማረን ባሕር ነበር። የባሕር ዳርቻና የባሕር ወፍ ፎቶ ማንሳት ፈለግን። ግን ባሕር ከየት ይመጣል? ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ደግሞ ገንዘቡ የለንም። ይህን ስንነጋገር ከተማሪዎቻችን አንዱ ሰሙን። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አባት ናቸው። እጃቸውን ወደ ምዕራብ ዘረጉና፣

«ልጆቼ፣ ያ ቁልቁል የሚያብረቀርቀው ምንድን ነው? እሱስ ውሃ አይደል?» አሉን።

እውነታቸውን ነው። አሰላ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ትሆናለች። ጀርባዋን ለጭላሎ ተራራ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ስምጥ ሸለቆ አዙራለች። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ወደ ምዕራብ ብታዩ፣ በሸለቆው ውስጥ እንደ አዲስ ቆርቆሮ የሚያብረቀርቅ ነገር ይታያል። እሱ ዝዋይ ሐይቅ ነው። በኦሮምኛ ደምበል ይባላል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ» አሉ አባታችን። «ሄጄበት ግን አላውቅም። እናንተ እግራችሁ ቀላል ነው። ሂዱና አይታችሁ ንገሩን። ፎቶውንም አምጡልን።»

እንግዲህ የሄድነው እንዲህ ተልከን ነው።

ቁልቁል ወደ ሸለቆው

በማለዳ ጋቢያችንን ተከናንበን ተነሣን። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር። የጫነን መኪና ቁልቁለቱን ሲጀምር በግራም በቀኝም የስንዴ ቃርሚያ ነበር። ጭድ የጫኑ ጋሪዎች አለፉን። ጥቂት እንደወረድን አየሩ ሞቅ አለ። ጋቢውን አውልቀን ጉልበታችን ላይ አደረግን። ገብሱና ባቄላው ቀረ፤ በምትኩ የጤፍና የበቆሎ ማሳ መጣ። ባሕር ዛፉ ቀረ፤ ግራር መጣ። ዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ስንደርስ ሹራባችንንም አወለቅን። ሐይቁ ከአሰላ 800 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በአንድ ጠዋት ከደጋ ወደ ቆላ ወረድን ማለት ነው።

በመንገዳችን የከታርን ወንዝ አየን። ከታር ከጭላሎና ከገለማ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚወርድ ወንዝ ነው። ወሩ ጥር ስለነበር ውሃው ጥቂት ነው። ድንጋይ ለድንጋይ እየተሽሎከለከ ይሄዳል። ያን ጊዜ ብዙም አላስተዋልነውም። ፎቶም አላነሣነውም። ወሬው በኋላ ይመጣል።

ማታ ከሐይቁ ምሥራቅ ዳር፣ ከአንድ የምናውቃቸው ሰው ቤት አደርን።

ፎቶ ማለት ብርሃን ነው

በማግስቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሣን። ለምን እንዲህ በሌሊት? ፎቶ ማለት ብርሃን ስለሆነ ነው። ካሜራ ብርሃን የሚቀበል ሣጥን ነው። ከፊቱ ሌንስ የሚባል የመስተዋት ዓይን አለው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ብርሃኗ ኃይለኛ ነው፤ ነጩ ወፍ ይነጣል፣ ጥላው ይጠቁራል፣ ላባው አይለይም። ጠዋትና ማታ ግን ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። ለስላሳ ነው። የላባው ድርድር አንድ ባንድ ይታያል። ደግሞ ወፍ የሚበላው በጠዋት ነው። ስለዚህ ወፍ ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው እንደ ገበሬ በጠዋት መነሣት አለበት።

ሲነጋ ያየነውን እንዴት እንንገራችሁ? ውሃው ዳር ለዳር ወፍ ነበር። አባ ኮዳ አለ። ቁመቱ ሕፃን ልጅ ያህላል። ራሱ መላጣ ነው። ከአንገቱ ሥር የውሃ ኮዳ የመሰለ ከረጢት ይንጠለጠላል፤ ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። ዓሣ አስጋሪዎቹ የሚጥሉትን የዓሣ አንጀት ይለቅማል። መልኩ አያምርም፣ ግን ዳሩን ያጸዳል።

ፔሊካን አለ። ፔሊካን ትልቅ ነጭ ወፍ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ሜትር ያህል ይሆናል። ከመንቁሩ ሥር እንደ ከረጢት የሚሰፋ ቆዳ አለው። በዚያ ዓሣውን ከነውሃው ይጨልፋል፤ ውሃውን አፍስሶ ዓሣውን ይውጣል። ከሁሉ የገረመን ግን አሠራሩ ነው። ብቻውን አይሠራም። አሥርም አሥራ አምስትም ሆነው እንደ ማጭድ ይከባሉ። ዓሣውን ወደ መሐል እየነዱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ውሃ ውስጥ ይከታሉ። ደቦ ማለት ይህ አይደል?

የፈለግነው የባሕር ወፍም ነበር! አንዱ ራሱ ግራጫ፣ መንቁሩና እግሩ ቀይ ነው። ይህ በአፍሪካ ሐይቆች ዳር የሚኖር ነው። ሌላው ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ እግሩ ቢጫ ነው። ይህኛው እንግዳ ነው። የሚፈለፈለው በሰሜን አውሮፓ ባሕርና ሐይቅ ዳር ነው። እዚያ ብርዱ ሲበረታ ወደ እኛ ይመጣል። በበጋው ወራት በዝዋይ ይቆይና አገሩ ሲሞቅ ይመለሳል። እኛ ወደ ባሕር መሄድ ቢያቅተን የባሕሩ ወፍ ወደ እኛ መጥቶ ጠበቀን።

ጥፋታችን

ከውሃው ወጣ ያለ አሸዋ ላይ ብዙ ፔሊካኖች አርፈው ነበር። ቀረብ ብለን ለማንሳት አሰብን። በደረታችን እየተሳብን ሄድን። ትንሽ ቆየንና ደግሞ ቀረብን። አሁንም ቀረብን። ይኼኔ ሁሉም ግር ብለው ተነሡ። ካሜራችን ያገኘው የወፍ ጅራትና የተረበሸ ውሃ ብቻ ነው።

ከበስተኋላችን አንድ ሰው ተናገሩን። ታንኳቸውን ወደ ዳር የሚስቡ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል።

«እናንተ ልጆች፣ ወፉ ምን አደረጋችሁ? ደክሞት እኮ ነው ያረፈው። ከማረፊያው ስታስነሡት ጉልበቱን ትቀሙታላችሁ። እናንተ ሥዕል ትወስዳላችሁ፤ እሱ ምን ይወስዳል?»

አፈርን። «ጋሼ፣ አጥፍተናል» አልናቸው። ሳቅ አሉና ከታንኳው ግቡ አሉን። «ወፍ የሚፈራው በእግሩ የሚመጣ ሰውን ነው። ታንኳ ለምዷል። ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ እሱ ራሱ ይመጣል» አሉን።

እንዳሉትም ሆነ። መረባቸውን ሲስቡ የባሕር ወፎቹ ከራሳችን በላይ እየጮኹ ዞሩ። ቆሮሶና አምባዛ ነበር የያዘው። ትንንሹን ሲወረውሩላቸው ወፎቹ ከአየር ላይ ቀለቡት። በአንድ ሰዓት ውስጥ በሕይወታችን ካነሣነው ሁሉ የተሻለ ፎቶ አነሣን።

በሣር ክዳን ውስጥ የተደበቀ ቀለበት

ጋሼ ጥቁር ጀርባ ያለውን ወፍ ትኩር ብለው ያዩ ነበር። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። አንድ ነገር ላሳያችሁ። ለማንም እንዳትናገሩ» አሉን።

ቤታቸው ወሰዱን። ከሣር ክዳኑ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሲፈቱት ትንሽ የብረት ቀለበት ነው። በላዩ ፊደልና ቁጥር ተቀርጾበታል።

«ከሦስት ዓመት በፊት በጥቅምት ወር እንዲህ ያለ ወፍ ዓሣ ሊሰርቀኝ ሲል መረብ ያዘውና ሞተ። ይህ በእግሩ ላይ ነበር። እኔ ማንበብ አልችልም። ግን ምልክት መሆኑ ገባኝ። እኛ ከብት እንተኩስ የለ? ባለቤት ያለው ወፍ ገደልኩ አልኩ። ባለቤቱ መንግሥት ቢሆንስ? የውጭ አገር ሰው ቢሆንስ? ካሳ ቢጠይቀኝ ምን እከፍላለሁ? ለልጆቼም አልተናገርኩም።»

ቀለበቱን ወደ ብርሃን አዞርነው። ፊደሉ የፈረንጅ ነው። አነበብንላቸው። «ሄልሲንኪ፣ ፊንላንድ» ይላል። ቀጥሎ ቁጥር አለ። ሄልሲንኪ የፊንላንድ ዋና ከተማ ናት። ከዝዋይ እስከዚያ በቀጥታ ቢለካ ወደ 6000 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ነገሩን አስረዳናቸው። ቀለበት ማሰር የጀመረው ዴንማርክ በሚባል አገር የነበረ አንድ አስተማሪ ነው። ስሙ ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን ይባላል። ዘመኑ 1891 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1899 ማለት ነው። ወፎች በክረምት የት እንደሚሄዱ ማወቅ ፈለገ። ቀላል ቀለበት ሠርቶ፣ ቁጥርና አድራሻ ቀርጾ፣ በወፎች እግር ላይ አሰረ። ያገኘ ሰው እንዲጽፍለት ነው። ዛሬ በብዙ አገር ይህ ይሠራል። ካሳ የሚጠይቅ የለም። የሚፈልጉት «የት ተገኘ? መቼ ተገኘ? በሕይወት ነው ወይስ ሞቶ?» የሚለውን ብቻ ነው።

ጋሼ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ በሣቅ ፈነዱ። ቀጥሎ ደግሞ ፊታቸው ከበደ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ይህን ነው? ሰላምታ ነዋ! ሰላምታ ደብቄ ኖርኩ!»

ያን ዕለት ማታ ደብዳቤ አጻፉን። አንዳችን በአማርኛ ጻፍን፣ ሌላችን ወደ እንግሊዝኛ መለስን። ያጻፉን ይህን ነው፦

«ወፋችሁ ከሦስት ዓመት በፊት በጥቅምት ወር መረቤ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ሆን ብዬ አልገደልኩትም። ቦታው ዝዋይ ሐይቅ፣ ምሥራቅ ዳር፣ አርሲ ነው። ሌሎቹ በየዓመቱ ይመጣሉ። ደኅና ናቸው።»

ስም መጻፊያው ላይ ስንደርስ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉ። ከዚያ ቀለበቱን አይተው፣

«የወፍ እግር እንኳ ፊደል ይዞ ይዞራል። እኔ በጣቴ እፈርማለሁ» አሉ።

እኛ የምንመልሰው አጣን።

ሻላ የወፍ ስም ነው

በሦስተኛው ቀን ወደ ባቱ ከተማ ሄድን። ባቱ የሐይቁ ምዕራብ ዳር ከተማ ናት። የቀድሞ ስሟ ዝዋይ ነው። ደብዳቤውን ከፖስታ ቤት አስገባን። ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ደቡብ ወርደን አብጃታና ሻላ ሐይቆችን አየን። አካባቢው በተለይ ለውሃ ወፎቹ ሲባል በ1960ዎቹ ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ የሆነ ነው።

ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤት ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየብቻ ነው። ሻላ በጣም ጥልቅ ነው፤ 266 ሜትር ይወርዳል። ዝዋይ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ሻላ በኦሮምኛ የፔሊካን ስም ነው። በእርግጥም በሻላ ደሴት ላይ ብዙ ፔሊካኖች ጎጆ ይሠሩ ነበር። ደሴቱ ጅብና ቀበሮ አይደርስበትም፤ ለጫጩት ጥሩ ነው። ግን በሻላ ዓሣ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ወፎቹ በሻላ ያድሩና ከጎረቤት ከአብጃታ ዓሣ አጥምደው ለጫጩቶቻቸው ያመጡ ነበር። ቤታቸው አንድ ቦታ፣ ጎተራቸው ሌላ ቦታ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ጎተራው ምን ሆነ? የአብጃታ ውሃ ከላይ የሚመጣ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ ይፈስሳል። ከዝዋይና ከገባር ወንዞቹ ለመስኖ የሚሳበው ውሃ በዛ። ለቡልቡላ የሚተርፈው አነሰ። ከአብጃታም ዳር የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተተክሎ ውሃውን ይስብ ጀመር። ሶዳ አሽ ለጠርሙስና ለሳሙና ሥራ የሚውል ዱቄት ነው። ሐይቁ በ1960ዎቹ ዓ.ም. 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ2000ዎቹ ዓ.ም. ግማሹን ያህል አጥቶ ተገኘ። ውሃ ሲያንስ ጨውና ሶዳው ይበረታል። ወጥ እሳት ላይ ሲቆይ ጨው እንደሚከርረው ማለት ነው። ዓሣው አልቻለም፤ አለቀ። ፔሊካኖቹ ለጫጩት ቀለብ እስከ ዝዋይ መብረር ግድ ሆነባቸው። መንገዱ ራቀ። በሻላ ጎጆ የሚሠሩትም እየቀነሱ ሄዱ።

እኛ በሄድን ጊዜ በአብጃታ ዳር ፍላሚንጎ አየን። እግሩ ረጅም፣ ቀለሙ ሮዝ ነው። እሱ ዓሣ አይሻም፤ በጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ደቃቅ ነገር አጥልሎ ይበላል። ፎቶው አማረልን። ግን ከቆምንበት ጀምሮ ነጭ የደረቀ መሬት ነበር። ድሮ የሐይቁ ወለል ነበር። በእሱ ላይ ብዙ ከተራመድን በኋላ ነው ውሃው የተገኘው።

«አሁን ደግሞ የእናንተን ላሳያችሁ»

በአራተኛው ቀን ወደ አርሲ ስንመለስ ጋሼን ተሰናበትናቸው። ያየነውን ነገርናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያንን አያችሁ። አሁን ደግሞ የእናንተን ላሳያችሁ» አሉና በታንኳ ይዘውን ሄዱ።

የወሰዱን ከታር ወንዝ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት ቦታ ነው። ወደ ዝዋይ የሚገቡ ዋና ወንዞች ሁለት ናቸው። መቂ ከጉራጌ ተራሮች፣ ከታር ከአርሲ ተራሮች ይመጣሉ። በወንዙ አፍ ላይ ሰፊ የደለል መሬት ተዘርግቷል። ደለል ማለት ጎርፍ ያመጣው አፈር ነው። ቀለሙ ቀይ ቡና ነው። ጋሼ መቅዘፊያቸውን ወደ ታች ሰደዱት። ወዲያው ጭቃ ነካ።

«እዚህ ቦታ ድሮ መረብ እጥል ነበር። ዛሬ ታንኳዬ ይቀመጣል። ክረምት ከደጋው የሚወርደው ውሃ እንደ ቡና ነው። የሚመጣው ከእናንተ ነው። እኔ ማንን ልክሰስ? የላከውን ሰው አላውቀውም።»

በመጀመሪያው ቀን ያላስተዋልነው ከታር ትዝ አለን። ደለሉን ፎቶ አነሣነው። ላዩ ላይ ጥቁር ጀርባ ያለው የባሕር ወፍ ቆሞ ነበር።

ፎቶውን ስናሳይ

አሰላ ፎቶ ቤት ስዕሎቹን አሳተምን። ማታ በክፍላችን ሰሌዳ ላይ ደረደርናቸው። ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። በአባ ኮዳ መላጣ ተሳቀ። የፔሊካኑን ከረጢት አይተው «ይህስ ገበያ የሚሄድ ይመስላል» አሉ። የቀለበቱን ታሪክ ስናነብ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ።

የላኩን አባት ከደለሉ ፎቶ ፊት ቆመው ቀሩ።

«ይህን አፈር አውቀዋለሁ» አሉ። «ከማሳዬ ጫፍ በየክረምቱ ጎርፍ ወሰደብኝ እላለሁ። የት እንደወሰደው ግን ጠይቄ አላውቅም። ያ የሚያብረቀርቅ ነገር ውስጥ ነው የገባው ለካ!»

አንዲት እናት ቀበል አድርገው፣ «ታዲያ ያ ወፍ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው የእኛን ጭቃ ሊቆምበት ነው?» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ።

ክርክር ተነሣ። አንዱ «እርከን እንሥራ፤ አፈሩም ይቀርልናል፣ ሐይቁም ይተርፋል» አለ። ሌላው ተነሥቶ «እኔ ሠርቻለሁ። ከበላዬ ያለው አልሠራም። የእሱ ጎርፍ የእኔን እርከን በአንድ ሌሊት ጠረገው። ብቻዬን ምን ላድርግ?» አለ። ይህን ለመመለስ እኛም አልቻልንም። የእውነት ጥያቄ ነውና።

በመጨረሻ የላኩን አባት ተናገሩ። «ያ ዓሣ አስጋሪ የማያውቀው አገር ድረስ ደብዳቤ ላከ አላላችሁም? ከበላያችን ያለው ቀበሌ ከዚያ አይርቅም።»

የዚያ ሳምንት የጽሕፈት መልመጃችን ደብዳቤ ሆነ። ተማሪዎቻችን ከበላያቸው ላሉት ጎረቤቶች በገዛ እጃቸው ጻፉ። «እርከኑን በደቦ አብረን እንሥራ፤ ከላይ እንጀምር፤ እኛ መጥተን እናግዛለን» ይላል። የደለሉንም ፎቶ አብረው ላኩ። በግርጌው አሥራ ሰባት ሰው ፈረመ። አንድም የጣት አሻራ የለበትም።

ይህን እስከጻፍንበት ቀን ድረስ ከፊንላንድ መልስ አልመጣም። ከላይኛው ቀበሌም ገና ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲመጣ በዚሁ ገጽ እንነግራችኋለን።

ደኅና ሰንብቱ።

እስቲ ተወያዩበት

1. ከእናንተ ማሳ የሚወርደው ጎርፍ ወደ የትኛው ወንዝ ይገባል? ወንዙስ መጨረሻው የት ነው?
2. ጋሼ ቀለበቱን ሦስት ዓመት ለምን ደበቁት?
3. ከበላያችሁ ላለ ጎረቤት ደብዳቤ ብትጽፉ ምን ትሉታላችሁ? ከበታቻችሁ ያለውስ ለእናንተ ምን የሚጽፍ ይመስላችኋል?